ሌባ የማይመኛት

የስርጉት ብስክሌት የተሰረቀችው በሐምሌ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከሥራ ስትመለስ ነው። ደብረ ታቦር ገበያው ዳር ካለች ሱቅ ሳሙናና ሻማ ልትገዛ ወረደች። ብስክሌቷን ከመብራት ምሰሶ ጋር በቀጭን የሽቦ ቁልፍ አሰረቻት። ዝናቡ ስለበረታ ሱቁ ውስጥ ጥቂት ተጠልላ ቆየች። ስትወጣ ምሰሶው ሥር ያገኘችው የተቆረጠውን ሽቦ ብቻ ነው፤ ጭቃው ላይ ተጠምዝዞ ወድቋል።

ስርጉት አዋላጅ ነርስ ናት። የምትሠራው ከከተማው ወጥቶ ወደ ጉና በሚወስደው መንገድ፣ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ባለ ትንሽ ጤና ጣቢያ ነው። ለሠራተኛ የተሠራው ቤት ጣሪያውን ነፋስ ከገነጠለው ወዲህ እዚያ ማደሪያ የለም፤ ስለዚህ ከተማ ተከራይታ ትመላለሳለች። ሰማያዊዋን ብስክሌት የሰጣት በወረዳው ይሠራ የነበረና ጠቅልሎ የወጣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ነው። ያን ክረምት ደግሞ ነዳጅ ጠፍቶ ነበር። ባጃጆች ማደያው በር ላይ ተሰልፈው ይውላሉ፤ ሚኒባስ ቢገኝም እስኪሞላ ረፋዱ ያልፋል። ዓርብ ጠዋት በእግሯ ተነሣች።

ከግማሽ መንገድ አልፋ፣ መንገዱ ወደ ዳገቱ የሚጠመዘዝበት ላይ ስትደርስ ስልኳ ጮኸ። የደወለው ሙሉሐብት ነው፤ ያን ዕለት ተረኛ የነበረ ነርስ።

"ሲስተር፣ የት ደረስሽ?"

"ምነው?"

"አንዲት እናት አለች። የመጀመሪያዋ ነው። ልጁን በደህና ተገላገለች፤ እንግዴ ልጁ ግን አልወጣም። ደሟ አልቆም አለኝ።"

መርፌውን እንዲወጋት፣ ሆዷን ከላይ ጫን ጫን እያደረገ እንዲያሽላት፣ አምቡላንስ እንዲጠራ ነገረችው። አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ሄዷል አላት። "መጣሁ" ብላ መሮጥ ጀመረች። ዳገቱ ትንፋሿን ቆረጠው። ስትሮጥ፣ ስትራመድ፣ እንደገና ስትሮጥ ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ከዚያ በኋላ ጸጥ አለ።

ጤና ጣቢያው ስትደርስ ሙሉሐብት ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጓንቱን አላወለቀም። "አሁን ነው" አላት። "አሁን።"

የሟቿ ስም የሺ ነበር። ሃያ ዓመቷ ነው። ስርጉት እጇን ስትይዘው ገና አልቀዘቀዘም። እንግዴ ልጅን በእጅ ማውጣት ስርጉት በሥራ ዘመኗ ብዙ ጊዜ ያደረገችው ነገር ነው። በብስክሌት ብትመጣ ኖሮ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትደርስ ነበር። የደረሰችው ለሦስት አሥር ጉዳይ ላይ ነው።

ደጅ አግዳሚው ላይ የየሺ እናት እማማ አሰለፈች ተቀምጠዋል። ሕፃኑን በጋቢያቸው ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አስጠግተውታል። ቀና ብለው አዩዋት።

"አዋላጇ አሁን ትመጣለች፣ አሁን ትመጣለች ሲሉኝ ነበር" አሉ። "ምን አግኝቶሽ ነው፣ ልጄ?"

"ብስክሌቴን ሰርቀውኝ በእግሬ ነው የመጣሁት፣ እማማ።"

"ብስክሌት" አሉ እማማ አሰለፈች። ቃሉን ከዚያ በፊት ሰምተውት እንደማያውቁ ሁሉ ቀስ ብለው ደገሙት። 

ከሳምንት በኋላ የእናቶችን ሞት የሚመረምሩ ሰዎች ከወረዳው መጡ። ቅጹ ላይ "የትራንስፖርት ችግር" ብለው ጻፉ። አንደኛው ሲወጣ ስርጉትን ትከሻዋን ነካ አድርጎ፣ "በሰዓቱ ብትደርሺም ኖሮ አይታወቅም፤ ራስሽን አትጉጂ" አላት። ሙሉሐብትም ያንኑ አላት። እህቷም በስልክ ያንኑ አለቻት። ስርጉት ለሁሉም "እውነታችሁን ነው" ትላለች። ብቻዋን ስትሆን ግን አታምነውም።

የተከራየችበት ግቢ ውስጥ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ አንዲት አሮጌ ብስክሌት ቆማ ነበር። መልካሙ የሚባል ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የሐዋሳ ሰው ተዛውሮ ሲሄድ ትቷት ነው። "ከፈለግሽ ያንቺ ትሁን" ብሏት ነበር፤ እሷ ግን የራሷ ስለነበራት አልነካቻትም። ሁለት ዓመት ዶሮ ሰፍሮባት ቆይታለች። ለአስፋልት ከምትሠራው ቀጭን ብስክሌትና ለተራራ ከምትሠራው ወፍራም ብስክሌት መሀል ያለች፣ ብሩህ አረንጓዴ፣ ሃያ አንድ ማርሽ ያላት ነገር ናት። ጎማዎቿ ተሰነጣጥቀዋል። ስርጉት ከዓርቡ ጀምሮ አንድ ወር ያህል በእግሯ ተመላለሰች፤ ነሐሴ አጋማሽ ላይ የዶሮውን ኩስ አጥባ፣ እየገፋች፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ወዳለው ወደ ሙላቴ ሱቅ ወሰደቻት።

ሙላቴ ሃምሳ ያለፈው ሰው ነው። በቆርቆሮ በተከለለች ቤት ውስጥ ብስክሌት ይጠግናል፣ በርና መስኮት ይበይዳል። በከተማው ውስጥ ብስክሌትን እንደሱ የሚያውቅ የለም፤ ወሬም ይወዳል። ብስክሌቷን ገልብጦ አቆማት፤ የኋላውን ጎማ አሽከርክሮ ጆሮውን አስጠጋ።

"አጥንቷ ደህና ነው" አለ። "ብረቷም የድሮ ብረት ነው፣ ብየዳ ይቀበላል። ምን ላድርግልሽ፣ ሲስተር?"

"በየቀኑ የምታመላልሰኝ ትሁን። ዝናብና ዳገት የምትችል፣ ዕቃ የምትሸከም።" ቀጥላም፣ "ደግሞ የማትሰረቅ" አለች።

"የማትሰረቅ ብስክሌት የለችም። ሌባ የማይመኛት ግን አለች።"

ሥራው የሚጀምረው ከቀለሙ ነው አላት፤ ሌባ ከሩቅ የሚያየው ቀለም ነውና። አረንጓዴውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ለግቢ በር የሚቀባውን ዝገት መከላከያ በብሩሽ ደራርቦ ቀባት። የደረቀ ጭቃ መሰለች። ከፊት ካሉት ካቴናው ከሚዞርባቸው ሦስት ባለጥርስ ክቦች ሁለቱን አወጣ። "የሚያምርም የሚበላሽም ነገር ስንቀንስ ነው የምትቆይልሽ" አለ። ከጣሪያ ቆርቆሮ ቆርጦ ጭቃ የሚከላከል ፓራፋንጎ ሠራላት።

ስርጉት ከሥራ ስትመለስ ጎራ እያለች ታይ ነበር። ጎማዎቹ በእጅ በሚፈታ መያዣ የተያዙ ነበሩ፤ ሙላቴ ያንን አውጥቶ በብሎን ተካውና የብሎኑን ራስ በሞረድ አድቦለቦለው። ተራ መፍቻ አይዘውም፤ የሚይዘውን መፍቻ ራሱ ሠርቶ ሰጣት። ኮርቻውን ከግንዱ ጋር በአሮጌ ካቴና አሰረው። ከኋላው ጎማ ላይ ግማሽ ቀለበት የሚመስል ቁልፍ በየደ። ከጭነት መኪና የተረፈ ሰንሰለት አምጥቶ፣ እንዳያንኳኳና ቀለም እንዳይፍቅ በካላማዳሪያ፣ አየር በሚይዘው የውስጥ ጎማ፣ ጠቅልሎ ሰፋው።

"በሽቦ አትተማመኚ" አላት። "ሽቦ ባንድ ጉጠት ነው የሚቆረጠው። አንድ ጊዜ ጠቅ፣ አለቀ። ይህኛውን ለመቁረጥ ግን መቀመጥ አለበት። ሌባ ደግሞ አይቀመጥም።"

"እርስዎ ይህን ሁሉ ከየት አወቁት?"

"የሚፈታበትን ያላወቀ ምን መካኒክ ነው" አለና ሳቀ።

በነሐሴ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ቀን፣ የቀረው የኋላ ዕቃ መጫኛው ብቻ ነበር። ስርጉት የማዋለጃ ቦርሳዋን የምታስርበት ፈለገች። ሙላቴ ወደ ጓዳው ገብቶ ከተሰቀሉት አሮጌ ዕቃዎች መሀል አንዱን አንሥቶ መጣ።

"ይህ ልክሽ ነው" አለ። "አንድ እግሩ ተሰብሮ ታስሯል፤ እኔ እበይደዋለሁ።"

ስርጉት ተቀበለችው። የተሰበረው እግር የታሰረው በጥቁር ክር ነው፤ ቁስል በሚሰፋበት ክር። ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ተጠምዝዞ ከላይ አንድ ጊዜ ተደግሟል፤ እሷ የሴት ገላ ስትሰፋ የምትቋጥረው ቋጠሮ ነው። ራሷ ያሰረችው ባለፈው ሚያዝያ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቁጭ ብላ ነበር።

"ይህን ከየት አመጡት?" አለች።

"ገዝቼው ነው። ምነው?"

"መቼ?"

"በክረምቱ መግቢያ። ሐምሌም ይሆናል።"

"ሰማያዊ ነበረች?"

ሙላቴ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ።

"የሸጠልህን ሰው ጠየቅኸው?" አለችው ስርጉት። እስከዚያ ቀን ድረስ አንተ ብላው አታውቅም። "የማን ናት ብለህ ጠየቅኸው?"

"አልጠየቅሁም።"

"ለምን?"

"ከጠየቅሁማ መግዛት አልችልም" አለ ሙላቴ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። "ሐሙስ ምሽት ነው ያመጣት። ዝናብ ወርዶባት፣ ውኃው ገና ይንጠባጠባል። የማላውቀው ሰው ነው። አየሁት፣ ገባኝ። ገብቶኝ ዝም አልኩ። በማግስቱ ፈታትቼ ጎማዎቿን ለአንዱ፣ ግንዷን አንበሳሜ ለሚነግድ ሰው ሰጠሁ። ይህ ቀረ።"

"በማግስቱ" አለች ስርጉት።

"ዓርብ።"

ስለ የሺ ነገረችው። አላለቀሰችም፤ ድምጿንም አላነሣችም። ለወረዳው ሰዎች እንደተናገረችው፣ ሰዓቱን ሳይቀር፣ በተራ ነገረችው፤ ስልኩ የጮኸበትን ቦታ፣ ጸጥ ያለበትን፣ ሙሉሐብት ጓንቱን ሳያወልቅ መቆሙን። ሙላቴ አንድ ያረጀ የመኪና ጎማ ላይ ተቀመጠ። ስትጨርስ እጆቹን እያየ ነበር፤ ጥቁር ግራሶ ጥፍሮቹ ሥር ገብቷል።

"እኔ ብረት ነው የገዛሁት መስሎኝ" አለ።

ስርጉት ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ትችል ነበር፤ ስርቆቱን ያን ጊዜ አስመዝግባለች። ብስክሌቷን አየቻት። ተገልብጣ ቆማለች፤ ካቴናዋ አልተወጠረም፤ ፍሬኗ አልታሰረም። ከሱ ሌላ የሚጨርሳት ሰው የለም። ሰኞ ጠዋት ደግሞ አንዲት ሴት ትመጣለች፤ ሁልጊዜ የምትመጣ አለች።

"ግጠመው" አለች።

"ሲስተር፣ ይህን ተይው። ሌላ አዲስ ቀጥቅጬ እሠራልሻለሁ።"

"ግጠመው አልኩህ።"

ገጠመው። የተሰበረውን እግር ሲበይደው ክሩ ተቃጠለ። ስርጉት ቆማ አየች።

በመስከረም ብስክሌቷ ላይ ወጣች። እንዲህ ያለች አስቀያሚ ብስክሌት በደብረ ታቦር ታይታ አታውቅም። ሰው ቆሞ ያያታል፤ ሙሉሐብት "ሲስተር፣ የማን ግቢ በር ነው የነቀልሽው?" ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። ጥቅምት ላይ ከገበያው አጥር አጠገብ ካቆመቻት ቦታ፣ ጎኗ ቆማ የነበረች አዲስ ሞተር ብስክሌት በጠራራ ፀሐይ ተሰረቀች፤ የእሷን የነካት አልነበረም። ሙላቴ እውነቱን ነበር። ዳገቱንም በደህና ትወጣዋለች፤ ቦርሳው ከኋላ አይንቀሳቀስም፤ ጭቃው ልብሷን አያገኘውም።

ይህ ሁሉ ግን አላስደሰታትም። በየጠዋቱ ስልኩ የጮኸበት ጥምዝ ላይ ስትደርስ ሳታስበው ፔዳሉን አጥብቃ ትረግጣለች፤ የሚጠብቃት ሰው በሌለበት ቀን እንኳ ደረቷ እስኪቃጠል ትጋልባለች። ጤና ጣቢያው ደርሳ ሁለቱን ቁልፍ ቆልፋ ስትጨርስ ተመልሳ ታረጋግጣለች። ገብታም በመስኮት ታያታለች።

ሙላቴ ዘንድ ላለመሄድ ወስና ነበር። በጥቅምት መጨረሻ ግን ካቴናው ተበጠሰ፤ ሌላ የምትወስዳት ቦታ አልነበራትም። ሱቁ ተለውጧል። ግድግዳው ላይ ይሰቀሉ የነበሩት አሮጌ ጎማዎችና መሪዎች የሉም፤ ሚስማሮቹ ብቻ ቀርተዋል። ያገለገለ ዕቃ መግዛት አቁሜአለሁ አለ፤ ሳይጠየቅ ነው የተናገረው። ሥራ እንደቀዘቀዘበት ያስታውቃል። ካቴናውን ሲቀጥል ብዙም አላወራም።

"የልጅቱ እናት ቤት በየት በኩል ነው?" አላት ሲጨርስ።

"ምን ያደርግልሃል?"

"ሄጄ ልነግራቸው።"

"ተዋቸው" አለች ስርጉት። "አንተ ይቀልሃል እንጂ ለእሳቸው ምን ይጠቅማቸዋል?"

ሙላቴ እጁን በጨርቅ ጠረገ። "ምን እንደሚጠቅማቸው አላውቅም" አለ። "ግን ያላወቁት ነገር እኔ ጋ ተቀምጧል።"

ቤቱን አልነገረችውም። ብስክሌቷን ይዛ ወጣች።

ኅዳር ገባ። ውርጩ ጠዋት ጠዋት የድንቹን ቅጠል ያጠቁረዋል፤ ገብሱ እየታጨደ ነው። አንድ ማክሰኞ ስርጉት ስትደርስ ከላይኛው ጎጥ የመጣች ሴት ምጥ ላይ አገኘች። ሴትዮዋ ረፋዱ ላይ ወለደች፤ እንግዴ ልጁ ግን አልወጣም፤ ደሙም ጀመረ። ስርጉት እጇን እስከ ክንዷ ታጥባ አወጣችው። ሙሉሐብት አጠገቧ ቆሞ መርፌውን ሰጠ፣ ግሉኮሱን ሰቀለ። ደሙ ቆመ። የሴትዮዋ ከንፈር ቀስ እያለ መልኩን መለሰ። ሙሉሐብት ወደ ጥግ ዞር ብሎ ብዙ ጊዜ ተንፍሶ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። 

እጇን ታጥባ ወጣች። እማማ አሰለፈች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አራሷ ጎረቤታቸው ናት፣ አጥሚት ይዘውላት መጥተዋል። ፊታቸው ከስቷል። ስርጉት ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው።

"ሕፃኑ ደህና ነው፣ እማማ?"

"አባቱ ወሰደው። ይፋግ እህቱ ዘንድ። የምትታለብ ላም አለች አለ።" ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "ደግ አደረገ። እኔ ዘንድ ብርድ ነው።"

ስርጉት አጠገባቸው ተቀመጠች። ብስክሌቷ ከፊታቸው፣ አጥሩ ሥር፣ ከእንጨቱ ጋር ታስራ ቆማለች። እማማ አሰለፈች አዩዋት።

"አንድ ሰው መጥቶ ነበር" አሉ። "ብረት ሠሪ ነኝ ያለ። እየጠየቀ፣ እየጠየቀ ደረሰ። ደጄ ላይ ተንበርክኮ አልነሣም አለኝ።"

"ምን አሉት?"

"ምን እለዋለሁ? ከከተማ በእግሩ የመጣ ሰው ነው። ርቦታል። ድንች ቀቅዬ አበላሁት። በላ፣ ሄደ።"

"ይቅር አሉት?"

"እሱም ይህንኑ ነበር የጠየቀኝ" አሉ እማማ አሰለፈች። "እኔ ግን እሱ ሲያወራ ሌላ ነገር ነበር የማስበው። አንቺን ልጠይቅሽ ብዬ።" ወደ ስርጉት ዞሩ። "ያን ቀን እንደ ዛሬው በሰዓቱ ብትደርሺልኝ፣ የሺ ትተርፍ ነበር?"

ስርጉት የምትለውን ታውቀዋለች። አይታወቅም፤ የእግዜር ሥራ ነው። ይህን መልስ ሁሉም ሰው ሰጥቷት ነበር፤ እሷም ለሰው መልሳ ብላዋለች። ከበስተጀርባዋ ግን፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ አራሷ ውኃ ስትጠይቅ ይሰማል።

"አዎ፣ እማማ" አለች። "ትተርፍ ነበር።"

እማማ አሰለፈች አንገታቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ።

"ምጡ የጀመራት ረቡዕ ማታ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ሐሙስ ጠዋት እንውሰዳት አሉ፣ ጎረቤቱ። ዝናቡ ያባራ፣ ቃሬዛ የያዙትን ያዳልጣቸዋል ብዬ እኔ ነኝ ያቆየኋት። ቀኑን ሙሉ፤ ያመጣናት ዓርብ ሊነጋ ሲል ነው። የመጀመሪያ ነው፣ ይዘገያል ብዬ።" እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አዩት። "ሐሙስ አንቺ እዚህ ነበርሽ?"

ስርጉት ሐሙስ ቀኑን ሙሉ እዚያው ነበረች። የመጣ ሰው ስላልነበር የማዋለጃ ክፍሉን አጥባ፣ መሣሪያውን ቀቅላ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተቀምጣ ነው የወጣችው።

"ነበርኩ" አለች።

እማማ አሰለፈች አጥሚቱን የያዘውን ፔርሙዝ አነሡ፤ ሲነሡ ጉልበታቸው አስቸግሯቸው ስርጉት ክንዳቸውን ደገፈቻቸው። ከዚያ በሩን ገፋ አድርገው ወደ አራሷ ገቡ። ስርጉት እጇ እንደረጠበ አግዳሚው ላይ ቀረች፤ እማማ አሰለፈች ከውስጥ "ጠባልሽ ወይ?" ብለው ሲጠይቁ፣ ሴትዮዋም በደከመ ድምፅ "እየጠባ ነው" ስትላቸው ሰማች።